ምድር ወገብ ላይ ጀምበር አትለመንም

የጀምበር አጠላለቅ እንደየአገሩ ነው። ሰኔ ላይ ለንደን የቆመ ሰው ፀሐይዋ ወደ አድማሱ በሰያፍ ተንሸራታ ስትወርድ ያያል፤ ከጠለቀች በኋላም ያለ መብራት ሥራ የሚሠራበት ብርሃን ከ45 ደቂቃ በላይ ይቆየዋል። ካምፓላ ያለ ሰው ይህ ዕድል የለውም። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 35 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቃ ስለተቀመጠች፣ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ቀጥ ብላ ትወርዳለች፤ በየ4 ደቂቃው አንድ ዲግሪ ገደማ። ከጠለቀች በኋላ የሚተርፈው ብርሃን 21 ወይም 22 ደቂቃ ነው። ከዚያ ይጨልማል። በፎቶግራፍ መጻሕፍት «ወርቃማው ሰዓት» እየተባለ የሚሞካሸው ጊዜ እዚህ አንድ ሰዓት አይሞላም። መጻሕፍቱን የጻፉት በአብዛኛው የሰሜን አገር ሰዎች ናቸው፤ የእነርሱ ፀሐይ ትታገሣለች።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አንድ ነገር ይቀለዋል። የካምፓላ ሉጋንዳ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ነው፤ የእኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ለእነርሱም አንድ ሰዓት ነው። በዚሁ ቆጠራ ካምፓላ ላይ ጀምበር የምትጠልቀው፣ እንደየወሩ፣ ከ12 ሰዓት ከ35 እስከ 1 ሰዓት ከ7 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ቀደም የምትለው በኅዳር መግቢያ አካባቢ ሲሆን የምትዘገየው በየካቲት መጀመሪያ ነው። ልዩነቱ ግማሽ ሰዓት ብቻ ስለሆነ ከአንድ ሳምንት ልምድ በኋላ ሰዓት ማየት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ከጠለቀች በኋላ ያሉትን ደቂቃዎች በትክክል ማወቅ ነው።

እነዚያን ደቂቃዎች በቁጥር እንያቸው። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን፣ ጀምበር አድማሱን በለቀቀችበት ቅጽበት መሬት ላይ የሚያርፈው ብርሃን 400 ሉክስ ገደማ ነው፤ ደህና መብራት ያለው ቢሮ ያህል ማለት ነው። ከ21 ደቂቃ በኋላ 3.4 ሉክስ ይሆናል። ከመቶ እጥፍ በላይ ቀንሷል። ሲሰላ ብርሃኑ በየ3 ደቂቃው በግማሽ ይወርዳል ማለት ነው። ሌንስ ሲቀየር፣ ስልክ ሲመለስ፣ ከጥበቃ ሠራተኛ ጋር ሰላምታ ሲለዋወጡ፣ ግማሹ ሰማይ ሄዷል። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ በዚህ ፍጥነት ውስጥ አንድን አበባ እንዴት አስተካክሎ ማንሳት እንደሚቻል ነው። መፍትሔው ፍላሽ ነው፤ ግን ብዙ ሰው በሚጠቀምበት መንገድ አይደለም።

ችግሩ የሚመጣው ከአቋቋም ነው። ቀይ ሰማይ ከአበባው ጀርባ እንዲገባልን ስንል ፊታችንን ወደ ምዕራብ እናዞራለን። ያኔ ወደ እኛ የዞረው የአበባው ገጽ ብርሃን አያገኝም፤ ፀሐይዋ ከኋላው ናት። ዓይናችን ሁለቱንም አቻችሎ ያያል፤ ካሜራ ግን ይህን አይችልም። ለሰማዩ ካስተካከልነው አበባው ከሰል ይሆናል፤ ለአበባው ካስተካከልነው ሰማዩ ነጭ ወረቀት ይሆናል። የጠቆረው አበባ አንዳንዴ ያምራል፤ ቅርጹ ብቻውን የሚናገር ተክል አለ። የቦገንቪላ ሐምራዊ ወይም የካና ቀይ ግን ከሰል ሆኖ ምን ይረባል? እዚህ ላይ ፍላሹ ጥላውን ብቻ ሊሞላ ይገባል፤ የሚሞላ ነው እንጂ የሚያበራ አይደለም። ሰው አይቶት «ፍላሽ አለበት» ካለ በዝቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በፍላሽ የተነሣ ፎቶ በእርግጥ ሁለት ፎቶ ነው፤ በአንድ ጊዜ የተነሡ። አንደኛው የሰማዩ ነው። እርሱ የሚለካው የካሜራው መጋረጃ (ሻተሩ) ተከፍቶ በሚቆይበት ጊዜ ነው፤ ረጅም ከቆየ ሰማዩ ይፈካል፣ ካጠረ ይጠቁራል። ሁለተኛው የፍላሹ ነው። ፍላሽ በርቶ የሚጠፋው አንድ ሺህኛ ሰከንድ ገደማ በሆነ ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ ጉልበቱ ሲቀነስ ደግሞ ከዚያም በብዙ ያጥራል። ስለዚህ ሻተሩ ለ1/60 ሰከንድም ቢከፈት ለግማሽ ሰከንድም ቢከፈት አበባው ላይ የሚያርፈው የፍላሽ ብርሃን ያው ነው። የሌንሱ ቀዳዳ ስፋትና የካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት (አይኤስኦው) ሁለቱንም ፎቶዎች ይነካሉ። ሻተሩ የሚነካው ሰማዩን ብቻ ነው። ይህቺን አንዲት ነገር የጨበጠ ሰው ሌላው ሁሉ ይገለጥለታል።

ካምፓላ ላይ ትርጉሟ ይህ ነው፦ ፍላሹን አንዴ አስተካክለው ይተዉታል፤ ከዚያ በሻተሩ ሰማዩን እየተከተሉ ይወርዳሉ። በአንድ የተለመደ ፍላሽ፣ ማለትም በሙሉ ጉልበቱ የመለኪያ ቁጥሩ 40 በሆነ፣ ላሳይ። ካሜራው ማኑዋል ላይ፣ አይኤስኦ 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8። የፍላሹ ጉልበት 1/16፤ ፊቱ ላይ ብርሃን የሚያለሰልስ ነጭ ነገር ይደረግበታል፤ ርቀቱ ከአበባው 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ይህ ለአበባው ብቻውን የሚበቃ ብርሃን ነው። የሚሞላ ብቻ እንዲሆን ወደ 1/32 ይወርዳል። ጀምበር ስትጠልቅ ሻተሩ 1/125 ሰከንድ ላይ ይጀምራል። ከ3 ደቂቃ በኋላ 1/60፣ ከዚያ 1/30፣ 1/15፣ 1/8 እያለ በሩብ ሰዓት ውስጥ 1/4 ሰከንድ ይደርሳል። ፍላሹን ማንም አልነካውም፤ አበባው በሁሉም ፎቶ ላይ እኩል ነው፤ የሚለወጠው የሰማዩ ቀለም ብቻ ነው፣ ከወርቅ ወደ ብርቱካን፣ ከብርቱካን ወደ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ወደ ጥቁር ሰማያዊ። ደመና ካለ ወይም ጭስ ከበዛ ቁጥሮቹ ይዛነፋሉ፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም።

ፍላሹ ራሱ እንዲለካ በአውቶማቲክ መተው የሚመርጡ አሉ። ለሠርግ ጥሩ ነው። ለአበባ ግን አልመክረውም፤ ካሜራው ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል አይቶ ይደነግጥና ጉልበት ይጨምራል፣ በመሐል ያለው ነጭ ፍራንጂፓኒ ይቃጠላል። አበባ እንደ ሙሽራ አይንቀሳቀስም፤ ርቀቱ ካልተለወጠ ልኬቱም አይለወጥም።

ርቀትን ካነሣን፣ ብርሃን ከምንጩ በራቀ ቁጥር የሚዳከምበት ሕግ ለአበባ አንሺ ወዳጅ ነው። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ብርሃኑ ሩብ ይሆናል። ፍላሹ ከአበባው 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲሆን፣ ከአበባው ኋላ ሌላ 60 ሴንቲ ሜትር ርቆ ያለው አጥር የሚደርሰው ብርሃን አንድ ዘጠነኛ ነው። በዚህ መንገድ የአጥሩ ቆርቆሮ፣ የተንጠለጠለው ፌስታል፣ የጎረቤት ልብስ ማስጫ ሁሉ ጨለማ ውስጥ ይገባሉ። በከተማ አበባ የሚያነሣ ሰው ይህን ሕግ ሊያመሰግን ይገባል። የኋላው እንዲታይ ከተፈለገ ደግሞ ፍላሹን አርቆ ጉልበቱን መጨመር ነው።

ካሜራዎች አንድ ገደብ አለባቸው። አብዛኞቹ ፍላሽን ከሻተር ጋር ማስማማት የሚችሉት እስከ 1/200 ወይም 1/250 ሰከንድ ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲፈጥን የሻተሩ ሁለት መጋረጃዎች አብረው ስለሚሮጡ ከፎቶው አንዱ ክፍል ጥቁር ይቀራል። ፀሐይዋ ገና አድማስ ላይ ሳለች ይህ ያስቸግራል። ኦሊምፐስ እ.ኤ.አ. በ1986 በተከታታይ እየተንቀጠቀጠ የሚበራ ፍላሽ አውጥቶ ገደቡን ሰበረው፤ ዛሬ ብዙዎቹ ፍላሾች ይህ ችሎታ አላቸው። ጉልበቱን ግን በእጅጉ ይበላል። እኔ ብጠየቅ ትንሽ መታገሥ ይሻላል እላለሁ፤ ጀምበር እስክትጠልቅ 10 ደቂቃ ነው፣ ከጠለቀች በኋላ ያለው ሰማይ ደግሞ ከፀሐይዋ ራሷ ይበልጥ ያምራል። ለነገሩ ቅሬታችን የቅንጦት ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ጀርመን ውስጥ ሚተና ጌዲከ የተባሉ ሰዎች የሠሩት ፍላሽ የማግኒዚየም ዱቄት ነበር፤ ሲቀጣጠል ነጭ ጭስ ቤቱን ይሞላዋል። በዚያ አበባ ማንሳት ማለት አበባውን ማጠን ነው።

ቀለም ሌላው ጣጣ ነው። የፍላሽ ብርሃን የተሠራው የእኩለ ቀንን ፀሐይ እንዲመስል ነው፤ በመለኪያው 5500 ኬልቪን ገደማ። የምትጠልቅ ፀሐይ ብርሃን ግን ወደ 2500 ኬልቪን አካባቢና ከዚያም በታች ይወርዳል፤ የሻማ ጎረቤት ነው። ሁለቱ አንድ ፎቶ ላይ ሲገናኙ አበባው ከሌላ ፎቶ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል፤ ሰማዩ ማር፣ አበባው በረዶ። መድኃኒቱ የፍላሹን ፊት በብርቱካንማ ግልጽ ፕላስቲክ መሸፈን ነው። ባለሙያዎች ጄል ይሉታል፤ ሙሉ፣ ግማሽና ሩብ እየተባለ በተለያየ ድምቀት ይሸጣል። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ግማሹ ይበቃል። ከጠለቀች ከ10 ደቂቃ በኋላ ግን ሙሉውን አድርገው የካሜራውን የቀለም ማስተካከያ ወደ አምፖል ምልክቱ ቢያዞሩት ደስ የሚል ነገር ይሆናል፦ አበባው የተፈጥሮ ቀለሙን ይይዛል፣ ሰማዩ ግን ከእውነቱ ይበልጥ ሰማያዊ ይሆናል። ይህ ማታለል ነው የሚሉ አሉ። ዓይናችንም የሚያደርገው ከዚህ የራቀ አይደለም።

ለማለስለሻው ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ሁለት ጊዜ የታጠፈ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ በላስቲክ ታስሮ ጥሩ ሥራ ይሠራል፤ ንጹሕ ነጭ መሆኑ ብቻ ይረጋገጥ፣ ጥለቱ ቀለም ይረጫልና። ፍላሹ ካሜራው ራስ ላይ ተሰክቶ መቅረት የለበትም። በሽቦ ወይም በሽቦ አልባ ማስነሻ ነጥሎ በግራ እጅ ወደ ጎንና ወደ ላይ ቢያዝ የአበባው ሽክርክሪትና ጅማት ሁሉ ይወጣል። ፊት ለፊት የተተኮሰ ፍላሽ አበባን እንደ መታወቂያ ፎቶ ጠፍጣፋ ያደርገዋል።

ይህ ሁሉ ለየአበባው ይለያያል፤ ካምፓላ ደግሞ አበባ አይቸግራትም። ዓመቱን ሙሉ ሙቀት፣ ሁለት የዝናብ ወቅቶች፣ ከባሕር ወለል 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ። የቦገንቪላ ባለቀለሙ ክፍል በእርግጥ ቅጠል ነው፤ አበባው መሐል ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ ነገር ናት። ቅጠሉ እንደ ስስ ወረቀት ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከኋላው ፀሐይ ሲያገኝ ከውስጥ የበራ ይመስላል። እዚህ ላይ ፊት ለፊት ፍላሽ መተኮስ ያንን ፍካት መግደል ነው፤ ጉልበቱ እስከ 1/64 ወይም ከዚያም በታች ይውረድ። ፍራንጂፓኒ ተቃራኒው ነው፤ ወፍራም ነጭ ገጹ ብርሃን አያሳልፍምና ፍላሹ ከጎን ካልመጣለት ሰም ይመስላል። ሂቢስከስን የሚፈልግ ደግሞ ይፍጠን፤ አብዛኛው ዓይነት የአንድ ቀን አበባ ነው፣ ሲመሽ መጠቅለል ይጀምራል።

ቀዮቹን ለብቻ ላንሣቸው፤ በጣም የሚያሳስቱት እነርሱ ናቸውና። ኡጋንዳውያን ኪፋባካዚ የሚሉት ትልቅ ዛፍ እሳት የመሰለ አበባ ያወጣል። አገሩም ይኸው የአፍሪካ ሐሩር ምድር ነው። እምቡጡ ውስጥ ውኃ ስላለ ልጆች ይጨምቁትና እርስ በርስ ይረጫጩበታል። ከእኛ ኮርች ጋር የሚዛመደው ጅሪኪቲም አለ፤ እኛ የድሬዳዋ ዛፍ የምንለው፣ ከማዳጋስካር የመጣው ባለጃንጥላ ዛፍም በየመንገዱ አለ። ቀይ አበባ በቀይ ብርሃን ሲመታ የካሜራው ቀይ መለኪያ ከሌሎቹ ቀድሞ ሞልቶ ይፈስሳል። ጠቅላላው ልኬት ትክክል ቢመስልም አበባው ላይ ጅማት የለም፣ እጥፋት የለም፤ የቀይ ቀለም ጠብታ ብቻ። ስለዚህ የሦስቱን ቀለማት ግራፍ ለየብቻ የሚያሳይ ካሜራ ያለው ሰው ቀዩን ይይ፤ ጫፍ ከነካ ፍላሹ በግማሽ ይቀነስ። ከፍ ያለ ዛፍ ላይ ላለ አበባ ደግሞ ፍላሽ አይደርስም። ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ መፈለግ ወይም መሬት የረገፈውን ማንሳት ይሻላል፤ ቀይ አፈር ላይ የወደቀ ኪፋባካዚ ከዛፉ ላይ ካለው አያንስም።

ወዴት መሄድ ይሻላል? ቪክቶሪያ ሐይቅ አለ ብሎ ወደ ጋባ ወይም ወደ ሙንዮንዮ የሚሮጥ እንግዳ ብዙ ነው። ቦታዎቹ ያሉት በሐይቁ ሰላጤ ምዕራብ ዳር ስለሆነ ውኃው የሚገኘው በስተምሥራቅ ነው፤ ጀምበር ከጀርባ፣ ከየብሱ በኩል ትጠልቃለች። እነርሱ የንጋት ቦታዎች ናቸው። ለምሽት የሚሆነው ኮረብታ ነው፣ በተለይ ወደ ምዕራብ የሚያየው ጎኑ፤ ሸለቆ ውስጥ የቆመ ሰው ፀሐይዋን ቀድሞ ያጣታል። ኮሎሎ አለ፣ ማኬሬሬ አለ። ኪካያ ኮረብታ ላይ እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀው የባሃኢዎች የጸሎት ቤት፣ በአፍሪካ የመጀመሪያው፣ ሰፊ የተያዘ የአትክልት ስፍራ አለው፤ የጉብኝት ሰዓቱንና ፈቃዱን ግን ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጊዜ ያለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1898 ወደተቋቋመው የእንቴቤ የዕፅዋት ማዕከል ይውረድ። የትም ቢኬድ ፀሐይ በዓመት ውስጥ የምትጠልቅበት ቦታ ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ 47 ዲግሪ ያህል እንደሚዞር አይረሳ፤ በሰኔ ከዛፉ በስተቀኝ የነበረች ጀምበር በታኅሣሥ ከሕንፃ ጀርባ ልትሆን ትችላለች።

እኔ ግን እውነቱን ለመናገር የአጥር አበባን እመርጣለሁ። ካባላጋላና ካንሳንጋ አካባቢ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በሚኖሩበት ሰፈር፣ ከግቢ ወደ መንገድ የፈሰሰ ቦገንቪላ በየቅያሱ አለ። ችግሩ አጥሩ ጠባቂ ያለው መሆኑ ነው። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ በአንድ ሰው በር ላይ ፍላሽ መተኮስ የሚያስከትለውን መገመት አያዳግትም። ጠባቂውን ቀድሞ ሰላም ማለት፣ ምን እንደሚነሣ ማሳየት፣ ከተቻለ የመጀመሪያውን ፎቶ ለእርሱ ማሳየት። የመንግሥትና የወታደር ግቢ አጠገብ ግን አበባው ምንም ቢያምር ካሜራው ከቦርሳ አይውጣ።

ሐይቁ ላይ ያለ አንድ አበባ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ሐምራዊ ነው፣ በአበባው ቅጠል ላይ የጣዎስ ላባ የመሰለ ቢጫ ነጥብ አለው፣ ወደ ሐምራዊነት ከሚሄድ ሰማይ ጋር ከእርሱ የሚስማማ የለም። እምቦጭ ነው። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲሆን በአሥር ዓመት ውስጥ የዓሣ ማስገሪያ ዳርቻዎችን ዘግቶ፣ ጀልባ አስሮ፣ በመጨረሻ ቅጠሉን የሚበሉ ጥቃቅን ጥንዚዛዎች ተለቀውበት ጋብ ያለ አረም ነው። ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ የጎርጎራንና የደንቢያን ሰው ስለ አበባው ውበት ማናገር ያስቸግራል። ፎቶ አንሺው አያንሣው አልልም። ከወደደ ያንሣው፣ ፎቶውን ግን አንድ እርምጃ ያስፋው፦ የታሰረችው ጀልባም ትግባ።

ነፋስና ዝናብ ይቀራሉ። ዝናብ ወዳጅ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በሚመጣው ነጎድጓድ ማግሥት ሰማዩ ታጥቦ ጭሱ ይወርዳል፣ ጠብታ ያለው አበባ ደግሞ ፍላሹን በብዙ ትንንሽ ነጥብ ይመልሳል። ነፋስ ግን ተንኮለኛ ነው። ሻተሩ 1/8 ሰከንድ ሲደርስ አበባው ይወዛወዛል፤ ፍላሹ አንዱን ቅጽበት ቁልጭ አድርጎ ይይዛል፣ ቀሪው ብርሃን ደግሞ በዙሪያው የጠቆረ ጥላ ይተዋል። ይህን በሦስት እግር ማቆሚያ ማስቀረት አይቻልም፤ የሚንቀሳቀሰው አበባው እንጂ ካሜራው አይደለም። ግንዱን በቀጭን እንጨት መደገፍ ወይም አይኤስኦውን ወደ 400 ከፍ አድርጎ ሻተሩን ማፍጠን ይቻላል። አይኤስኦ ሁለቱንም ፎቶዎች እንደሚነካ ግን ይታወስ፤ ከ100 ወደ 400 ሲወጣ ፍላሹ ከ1/32 ወደ 1/128 መውረድ አለበት። መስከረም ላይ እንጦጦ ወጥቶ አደይ አበባ ለሚያነሣም ይኸው ነው፤ የአደይ ግንድ ከማንም ይቀጥናል፣ የአዲስ አበባ ምሽትም ከካምፓላው የሚረዝመው በደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

ስልክ ብቻ ያለውስ? የስልክ ፍላሽ የሚባለው እውነተኛ ፍላሽ አይደለም፤ በርቶ የሚቆይ ትንሽ አምፖል ነው፣ ሌንሱም አጠገብ ተለጥፏል። ጠፍቶ ቢቀር ይሻላል። ይልቅ የሁለተኛ ስልክ ባትሪ በርቶ፣ በሶፍት ተሸፍኖ፣ ከጎን በሌላ ሰው እጅ ይያዝ። ጣትን ስክሪኑ ላይ ሰማዩ ላይ አሳርፎ መቆለፍ፣ ከዚያ አበባው በልክ እስኪታይ ረዳቱን ቅረብ፣ ራቅ ማለት ነው፤ ርቀት ራሱ የጉልበት መቆጣጠሪያ ይሆናል። ይህ የሚሠራው ጀምበር ከጠለቀች ከ8 ወይም ከ10 ደቂቃ በኋላ፣ ሰማዩ ለደካማዋ መብራት እስኪመጥን ሲደክም ነው፤ የሚቆየውም ለ10 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ሁለተኛውን ስልክ የያዘው ሰው በዚያ መሐል መልእክት መጣልኝ ብሎ ስክሪኑን እንዳያዞረው ቀድሞ ይነገረው።